በቤተ ክርስቲያን ያደረችው እንግዳ

ሚስ ኦገስታ ተርልቢ ሞታ የተገኘችው በመሠዊያው ሥር ነው። የተኛችበት የዳክዬ ላባ ፍራሽ በስካርድ ደብር ካለው ሁሉ የተሻለው፣ ቄሱና ባለቤታቸው ራሳቸው ይተኙበት የነበረው ነው። ጉንጮቿ እንደ ሙሽራ ጉንጭ ቀልተዋል።

የወረዳው ሹም ስታይናር ባርኔጣውን አውልቆ ከአጠገቧ ተንበረከከ። ጠዋት ሰው ተልኮበት ወንዙን ተሻግሮ ሲደርስ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ድሮ ሬሳ ሲያይ ያዝን፣ ይፈራም ነበር። ባለፈው ጸደይ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይሰማውም። ብርድ ያደነዘዘው ጣት ከእጅ ላይ እንዳለ በዓይን ይታያል እንጂ አይታወቅም፤ የስታይናርም ልብ እንደዚያ ሆኖ ከርሟል። ዓይኑ ግን ሥራውን አልተወም።

«በሩ እንዴት ነበር?» ሲል ጠየቀ።

ከኋላው የቆመው ኬቲል ነው። እንግሊዛዊቷን እመቤት ከባሕር ወደቡ ጀምሮ ፈረስ እየሳበ፣ መንገድ እየመራ ያመጣት እሱ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ቁጥብ ሰው ነው።

«ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፣ ጌታዬ። የቄሱ ባለቤት ቶርዲስ ወተት ይዛ መጥታ ብትጣራ ብትጣራ መልስ አጣች። ጠራችኝ፤ በትከሻዬ ገፍቼ ሰበርኩት። እመቤቷ ልክ አሁን እንዳሉት ነበሩ። ፊታቸውን ነካሁ፤ በረዶ ነው። ቄሱን ልጠራ ሮጥኩ።»

«ቶርዲስስ?»

«እዚሁ ቀረች።»

ስታይናር ዙሪያውን መመልከቱን ቀጠለ። በሬሳው ላይ ቁስል የለም፤ የመታነቅ ምልክትም የለም። ከራስጌዋ ወተቱ እስከ ግማሽ የተጠጣ ኩባያ ተቀምጧል። ባርኔጣዋ ከመሠዊያው መቅረዝ ላይ ተሰቅሏል፤ የፊት መታጠቢያዋ ሳህን ደግሞ መሠዊያው ላይ ጉብ ብሏል። ጎንበስ ብሎ ከምእመናኑ መቀመጫ ሥር አየ። ሁለት አይጦች እግራቸውን ዘርግተው ሞተዋል። አንዷን በጅራቷ አንስቶ ገለባበጣት፤ ምንም የነካት ነገር የለም።

ከአልጋው አጠገብ የበግ አጎዛ ተነጥፏል። እንግዳ እግሯን የምታሳርፍበት መሆኑ ነው፤ ግን ከአልጋው በጣም ርቋል፤ እግር አይደርስበትም። ገልጦ አየው። ከሥሩ ሳንቃው ላይ ክብ ሆኖ የተለበለበ ጥቁር ምልክት አለ።

አጎዛውን መልሶ አለበሰው።

«እዚህ ለምን ተኙ? ቤቱ ጠቦ ነው?»

«ጠቦስ አልነበረም» አለ ኬቲል። «ቶርዲስ የራሷን አልጋ ለቃ ነበር። እሳቸው ናቸው የሰው ትንፋሽ ያፍነኛል ያሉት። ሌት ተቀን 'አየር፣ አየር' ነው። እዚህም ያቺን ቀዳዳ አይተው ነው ደስ ያላቸው።»

ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። በግድግዳው ጫፍ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከሰው ቁመት በጣም ከፍ ብሎ የአየር መግቢያ ቀዳዳ አለ። ብርሃን ሊገባበት ይገባ ነበር፤ ጨለማ ነው።

ስታይናር እሱንም አየና ወጣ።

* * *

የሟቿ ጓደኛ ሚስ ዊኒፍሬድ ሁሉም በሚተኛበት ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ጓደኛ ይባል እንጂ ሥራዋ ነው፤ የእመቤቷን ሻንጣ ታዘጋጃለች፣ ልብሷን ትተኩሳለች፣ አገሬው ከራሱ ቋንቋ ሌላ በሚያውቀው በዴንማርክኛ ታስተረጉማለች። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ፊቷ ሰም ይመስላል፤ በየመሃሉ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትስላለች።

«አዝናለሁ» አለ ስታይናር በዴንማርክኛ። ቃሉ ከአፉ እንደ ጠጠር ወጣ። «እመቤትዎን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ትናንት ከራት በፊት። ለእህታቸው ደብዳቤ እየጻፉ ነበር። በየደረሱበት ይጽፋሉ። እህታቸው ደብዳቤዎቹን ሰው ሰብስባ ታነብባቸዋለች። ስለ መስተንግዶ ነው የሚጽፉት፤ የትኛው አገር እንግዳ እንዴት እንደሚቀበል።»

«ስለዚህ ቤትስ ምን ጻፉ?»

ዊኒፍሬድ ዓይኗን ሰበረች። «ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ቤቱ ይሸታል ብለዋል። የባለቤቷ እጅ ንጹሕ አይደለም፣ ወተቱ ላይ ፀጉር አገኘሁ ብለዋል። ይህንንም ቄሱ ባሉበት ጮክ ብለው አነበቡት። ቄሱ እንግሊዝኛ እንደሚያውቁ አላወቁም ነበር።»

«ቄሱ ለባለቤታቸው ነገሯት?»

«ፊቷን አይቻለሁ።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማታ ወተቱን የወሰደችው እሷ ናት፣ ጌታዬ። ሌላ የቀመሱት ነገር የለም። እኔ ማንንም መወንጀል አልፈልግም፤ ግን ያ ኩባያ ይመርመር።»

ቶርዲስ ከበሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ሰፊ አጥንት ያላት፣ ከመናገር ይልቅ መሥራት የሚቀናት ሴት ናት። ዘወር ብላ ወጣች። ስትመለስ ኩባያውን ይዛለች።

«ቶርዲስ፣ አስቀምጪው» አለ ስታይናር።

«መርዝ ነው ተብሏል አይደል?» አለች። ቁጣ የለባትም። ድምፅዋ ባዶ ነበር፤ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። ከዚያ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። «ቀዝቅዟል እንጂ ደህና ወተት ነው።»

ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ስታይናር ግን እሷን አልነበረም የሚያየው። ከኩባያው መነሣት እስከ መጨለጡ ድረስ ዓይኑ ከዊኒፍሬድ ፊት አልተነቀለም።

* * *

ቄስ ኢንግቫር በጓሯቸው እንጨት እየፈለጡ ነበር። ሹሙን ሲያዩ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰኩት።

«እኔን ጠይቀኝ ልጄ» አሉ። «መደበቅ አላውቅበትም። ያቺ ሴት መሠዊያው ላይ ፊቷን ታጠበች! ባርኔጣዋን በመቅረዙ ሰቀለች! ትናንት ገብቼ ጮኽኩባት። 'ነገ ጎህ ሲቀድ ከዚህ እንድትወጪ' አልኳት። ቄስ ሆኜ እንግዳ አባረርኩ። አሁን ሞተች። ምን ልበል?»

«ከጮኹባቸው በኋላ ተመልሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ?»

«ምን ልሠራ?»

«ባለቤትዎስ? ስለ ደብዳቤው ነገሯት?»

ቄሱ ጢማቸውን ጎተቱ። «ሞኝ ነኝ፤ ነገርኳት። ምን እንዳለች ታውቃለህ? 'እንግዲያው ወተቱን በጨርቅ አጠልለዋለሁ' አለች። በቃ። ቶርዲስ እንዲህ ናት።»

ኬቲል ከጋጣው በር ላይ ሆኖ የፈረስ ሰኮና ይጠርግ ነበር። ስታይናር ወደ እሱ ሄደ።

«አንተም ተጣልተሃቸዋል አሉ።»

«ማን ያልተጣላ አለ?» ኬቲል ቀና አላለም። «ዛሬ ተራራውን እንሻገር አሉኝ። በረዶው ሳይጠና የደቡቡን ባሕር ማየት አለብኝ አሉ። እኔ ራሴ ብሻገር እሻገራለሁ፤ ልጅቷ ግን ትሞታለች አልኳቸው። ሳሏን ሰምተዋል፤ መሐረቧ ላይ ደም አለ። ፈሪ ብለው ሰደቡኝ። ከሸለቆው ማዶ አንድ ልጅ ቀጥረው ዛሬውኑ ሊነሡ ነበር።»

«ልጅቷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፣ ጌታዬ? ታስተረጉም ነበር እኮ። 'ትሞታለች' ያልኩትን እሷው ናት በእንግሊዝኛ የነገረቻቸው። እሳቸው ሳቁና አንድ ነገር አሉ፤ ያን ግን አልተረጎመችልኝም። አንድ ስም ብቻ ሰማሁ። ጀሚማ የሚል።»

«ጀሚማ ማን ናት?»

«እኔ ከየት አውቄ?»

ስታይናር ወደ ትልቁ ክፍል በር ተመለከተ። «ማታ ከትልቁ ክፍል የወጣ ሰው ነበር?»

«ልጅቷ እንጂ ማን ይወጣል። ሳል ሲይዛት ሰው እንዳይረብሽ እያለች ሁልጊዜ ትወጣለች። ትናንትማ ቆየች። በዚህ ብርድ ብዬ አዘንኩላት።»

* * *

ጓዳው ውስጥ የጠዋቱ ሳህን ሁሉ እንደተዝረከረከ ነው። የገንፎው ማማሰያ ደርቆበት ቀርቷል፤ የወተቱ ጣሳ አልታጠበም። በሞት ቀን ማን ዕቃ ያጥባል? አንድ የብረት ድስት ግን በአሸዋ ተፈትጎ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያብለጨልጫል።

ቶርዲስ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ትናንት በዚህ ድስት ምን ነበረበት?» አለ ስታይናር።

እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ቶርዲስ፣ ሬሳው ጉንጩ ቀልቷል። ዘንድሮ በዓሣ ጀልባ ውስጥ እሳት ይዘው የተኙት ሦስቱ ወንድማማቾች እንዲህ ነበር የቀሉት። አይጦቹም ሞተዋል። ሳንቃው ላይ የድስት ቂጥ የሚያህል ተለብልቧል፤ አንድ ሰው ደግሞ አጎዛ አልብሶታል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ድስቱ የወጣው በሩ ከተሰበረ በኋላ ነው። ያኔ ብቻሽን የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ቶርዲስ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሆኑ አየቻቸው።

«ይንቀጠቀጡ ነበር» አለች። «ኩበት እንዳልወስድላቸው ሽታ አይወዱም። ባሌ ማጭድ የሚቀጠቅጥበትን የበርች ከሰል አነደድኩላቸው። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ደስ አላቸው። እኔ ገደልኳቸው፣ ሹሜ። ሳያቸው ወዲያው ገባኝ። ድስቱን በሽርጤ ሸፍኜ አወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። ልጆቼ የገዳይ ልጆች እንዳይባሉ ይሆናል።»

«ከሰል በተዘጋ ቤት እንደሚገድል ታውቂያለሽ።»

«እንዴት አላውቅ! ቀዳዳውን እንዳይደፍኑት ብዬ ተናግሬያለሁ። 'ያ ከተደፈነ ሰው ይሞታል' ብያለሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በዴንማርክኛ። ሚስ ዊኒፍሬድ አብራኝ ነበረች፤ አስተረጎመችልኝ። እመቤቲቱም ሰምተው ስቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። አየር የሚወድ ሰው እንዴት ይደፍነዋል?»

ስታይናር ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «እስክጠይቅሽ ድረስ።»

ከዚያ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረ። ግድግዳው የሣር አፈር ነው፣ ከነሥሩ ከሜዳ እየተቆረጠ የተደረደረ፤ ከመሬት ተነሥቶ እንደ ኮረብታ ተንጋሎ እስከ ጣሪያው ስለሚደርስ በግም ይወጣዋል። ሹሙ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ማለዳ የጣለው በረዶ ዱካውን ሁሉ ሸፍኖታል። ቀዳዳው ዘንድ ደርሶ በረዶውን በእጁ ጠረገ። ጣቶቹ ከበረዶው ሥር ሌላ ነገር ነኩ። ጎትቶ አወጣው። ወደ ውስጥ የገባው ጫፍ ቀጭን፣ ውጪ የቀረው ወፍራምና በእጅ የተጠቀጠቀ ነው።

እጁ ላይ ያለውን አየ። አሸተተው። ከኮቱ ሥር ሸጎጠና ወረደ።

* * *

ቀኑ ሳይመሽ ሁሉንም በትልቁ ክፍል ሰበሰባቸው። ቄሱ በወንበራቸው፣ ቶርዲስ ከባሏ ጎን፣ ኬቲል በሩን ተደግፎ፣ ዊኒፍሬድ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ከጠረጴዛው ማዶ።

«አንድ ተራ ጥያቄ ልጠይቃችሁ» አለ ስታይናር። «የቤት ቀዳዳ ነፋስ አስገባባችሁ እንበል። በምን ትደፍኑታላችሁ? ኬቲል?»

«በሣር አፈር ነዋ። አንድ ቁራጭ ቆርጬ እጠቀጥቃለሁ።»

«እርስዎስ፣ ቄስ?»

«የድንጋይ ሽበት ይሻላል፤ ድንጋዩ ላይ ሞልቶ የለ? ልጄ፣ ምን ቀልድ ነው ይሄ?»

«ቶርዲስ?»

«አሮጌ ሱፍ» አለች ቶርዲስ።

«ሚስ ዊኒፍሬድ?»

«እኔ እንጃ» አለች ልጅቷ። «ያገኘሁትን።»

ስታይናር ከኮቱ ሥር የያዘውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ድርቆሽ ነው፤ አረንጓዴው ያልለቀቀ፣ ለላም የተከመረ ምርጥ ድርቆሽ። ሰበዙ በጠረጴዛው ላይ፣ በየሰዉ ጭን ላይና መሬት ላይ ተበታተነ።

ቶርዲስ ሳታስበው እጇን ዘርግታ ከጠረጴዛው ላይ መልቀም ጀመረች። ቄሱ ከጭናቸው ላይ አንድ ባንድ አነሡ። ኬቲል ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ የወደቀውን ሰብስቦ በመዳፉ ያዘ።

ዊኒፍሬድ ቀሚሷ ላይ ያረፈውን በእጇ ጀርባ አራገፈችው።

«ይህ ነው ቀዳዳው ውስጥ የነበረው» አለ ስታይናር። «እመቤቷን የገደላቸው ወተት አይደለም፤ የከሰል ፍም ነው። ቶርዲስ፣ አሁን ተናገሪ።»

ቶርዲስ ተናገረች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ቄሱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ስታይናር ግን ማልቀሻ ጊዜ አልሰጣቸውም።

«ፍሙ ብቻውን አይገድልም ነበር። አየር ቢገባ ኖሮ ሙቀት ብቻ ነበር። ሟቿ ቀዳዳውን አልደፈኑም፤ ከውስጥ እጃቸው አይደርስም፣ አየርም ይወዱ ነበር። ውታፉም የገባው ከውጭ ነው፤ ወፍራሙ ጫፉ ውጪ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ማታ ጣሪያው ላይ ወጥቷል። ማን?»

«እኔ ልሆን እችላለሁ» አለ ኬቲል። «ሰድበውኛል።»

«አንተ ፈረስህ እየራበው ድርቆሽ ትጥላለህ?»

ኬቲል መዳፉ ውስጥ ያለውን ድርቆሽ አየና ጣቶቹን ጨበጠበት።

«በዚህ ሸለቆ ሰው ይጣላል፤ ይጠላላል፤ ምናልባት ይገድላል» አለ ስታይናር። «ግን በመከር የተለፋበትን ድርቆሽ ቀዳዳ ውስጥ አይጠቀጥቅም። ሰው ለመግደል እንኳ ቢሆን። እጁ እንቢ ይለዋል። የእናንተን እጅ አሁን አይታችኋል። ድርቆሽ ገለባ ብቻ የሚመስለው ለእንግዳ ነው።»

ዊኒፍሬድ አልተንቀሳቀሰችም። «እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ገዳይ ነኝ ማለት ነው?» አለች። «ይሄ ነው ፍርዱ?»

«አይደለም። ሌላ ሁለት ነገር አለ።» ስታይናር ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ቶርዲስ ያን ወተት ስትጨልጠው እርስዎን ነበር የማየው። መርዝ ነው ብሎ ያመነ ሰው ይጮኻል፤ እጅ ይይዛል። እርስዎ ግን ዝም ብለው አዩአት። መርዝ እንደሌለበት ያውቁ ነበር።»

«ደንግጬ ነው።»

«ይሆናል። ይህንን ግን ይመልሱልኝ። ቶርዲስን መወንጀል ፈለጉ። ፍም ወደ ክፍሉ ሲገባ አብረው ነበሩ፤ እርስዎው አስተርጉመዋል። 'ይህች ሴት እመቤቴ አጠገብ ከሰል አስቀመጠች' ቢሉኝ ኖሮ ያኔውኑ ባሰርኳት ነበር። ከዚያ የተሻለ ድንጋይ አልነበረዎትም። ለምን አልወረወሩትም? ቶርዲስ ፍሙን የደበቀችው እኔ ገደልኩ ብላ ስለፈራች ነው። እርስዎ ምን አስፈራዎት?»

ዊኒፍሬድ ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«ፍሙን ካነሡ ስለ ቀዳዳው እጠይቅዎታለሁ። 'ያ ከተደፈነ ሰው ይሞታል' የሚለውን ከሟቿ ሌላ የሰማችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ማታ ደግሞ ለመሳል ወጥተው ቆይተዋል።»

ዊኒፍሬድ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ሳለች። ስትጨርስ አጥፋ ያዘችው፤ ቀዩ ግን ከእጥፉ ይታያል።

«ስለ ጀሚማ ጠይቁኝ» አለች በመጨረሻ።

«ማን ናት?» አለ ስታይናር።

«ከእኔ በፊት የነበረችው። ላፕላንድ በሚባል የበረዶ አገር ውስጥ እንደኔው ሳል ያዛት። እሳቸው ግን ሰማዩ ሌሊት የሚያበራበትን ቦታ ማየት ነበረባቸው፤ ይዘዋት ሄዱ። ጀሚማ አንድ የዓሣ አጥማጅ ጎጆ ውስጥ ሞተች።» ድምፅዋ ከፍ ዝቅ አይልም፤ የገበያ ዕቃ የምትቆጥር ይመስላል። «ከሁሉም የተወደደው ደብዳቤያቸው ስለ እሷ ሞት የጻፉት ነው። እነዚያ ድሆች ያላቸውን አንድ አልጋ እንዴት እንደለቀቁላት፣ ሴቶቹ እንዴት እንዳጠቡዋት፣ ሬሳ ሣጥኗን ከጀልባ ሳንቃ እንዴት እንደሠሩላት። እህታቸው ስታነብበው ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ አልቅሻለሁ። ሥራውን የተቀበልኩት ያን ዕለት ነው።»

ኬቲል ወለሉን እያየ «'ትሞታለች' ስል የሳቁት...» አለ።

«'ጀሚማም እንዲህ ትስል ነበር፤ ሰዎቹ ግን እንዴት ያለ ደግነት አሳዩን' ነው ያሉት።» ዊኒፍሬድ ወደ ቶርዲስ ዞረች። «አንቺ እንዴት እንደምታስታምሚኝ አይቻለሁ። ወተት በማር ታመጪልኛለሽ። ጥሩ ደብዳቤ ይወጣሽ ነበር። እኔ ደብዳቤ መሆን አልፈለግሁም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ወነጀልሽ?» አለች ቶርዲስ። «ስምሽን ሳልጠይቅሽ አልጋዬን ሰጥቼሽ።»

ዊኒፍሬድ ቀና ብላ አየቻት።

«አላውቅም» አለች። «ምንም አልተሰማኝም። ድርቆሹን ስጠቀጥቅም አልተሰማኝም። ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።»

ቄሱ ተነሥተው የሆነ ጸሎት ሊጀምሩ ሞከሩ፤ ቃሉ ጠፋባቸው፤ ተቀመጡ። ቶርዲስ የለቀመችውን ድርቆሽ በሽርጧ ቋጥራ ወደ ላሟ ወጣች።

* * *

በሰሜኑ አገር ወህኒ ቤት የለም። ዳኞቹ ወዳሉበት ወደ ኮፐንሃገን የምትሄደው መርከብም በረዶው ሲቀልጥ እንጂ ከዚያ በፊት አትመጣም። ስለዚህ ወንጀለኛ ክረምቱን የሚያሳልፈው በሹሙ ቤት ነው፤ ልማዱ እንዲያ ነው።

ስታይናር ልጅቷን በኬቲል ፈረስ አስቀምጦ፣ ልጓሙን እየሳበ ወንዙን አሻገራት። እጇን አላሰረም። በዚያ በረዶ ውስጥ ወዴት ትሄዳለች? ውኃው እስከ ጉልበቷ ሲደርስ፣ «በርቺ፣ ደርሰናል» አላት። እርስዎ ማለቱን መተዉን ራሱም አላስተዋለውም።

ቤቱን የምትይዝለት እህቱ ራግና ውሻው ሲጮህ በሩን ከፍታ ወጣች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ የገበያ ነው።

«እራቱ በረደልህ! ማናት ደግሞ እቺ?»

«ሰው ገድላለች» አለ ስታይናር። «እስከ መርከቡ እኛ ጋ ናት።»

ራግና በፈረሱ ላይ ያለችውን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ልጅቷ የአገሬውን ቋንቋ ስለማታውቅ አንድ ቃል አልገባትም፤ ሳል ይዟት ተጎነበሰች፤ አላቆም አላት።

«እና ምን ውጭ ይገትራታል?» አለች ራግና። «አውርዳት እንጂ! ቤት ለእንግዳ!»

ደግፋ አስገባቻት፤ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከዚያ ከደጅ ለመጣ ሰው ሁሉ እንደሚደረገው ከእግሯ ሥር ተንበረከከች፤ እርጥብ ጫማዋን ጎትታ አወጣች፤ ካልሲዋን ገፈፈች፤ የበረደውን እግር በሁለት መዳፏ ይዛ ታሸው ጀመር።

«ያምሻል?» አለቻት።

ዊኒፍሬድ ጎንበስ ብላ እግሯን አየችው፤ የሌላ ሰው እግር እንደሚያዩት።

ስታይናር ፈረሶቹን ሊያስገባ ወጣ።